የሾፌሩ ወንድሙ ጥርስና የመርሳ ቃጫ

ወንድሙ የሚባለው ሾፌር ጥርሱን ያጣው በጠብ አልነበረም። በጠብ ቢሆን ኖሮ ከደሴ እስከ ወልድያ ባሉት ማቆሚያዎች ሁሉ ሲያወራው ይከርም ነበር። በ1959 ክረምት፣ ውርጌሳ ላይ፣ የሚነዳው አሮጌ አውቶቡስ አልነሳ ብሎት በማኖቬላ ሊያስነሳው ጎንበስ ብሎ ሲያዞር ብረቱ ወደ ኋላ ተመልሶ አፉን መታው። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቹ እዚያው መንገድ ዳር ቀሩ። ከላይ የተረፉትንም ደሴ ያለ ሐኪም አይቶ «እነዚህ አይጠቅሙህም» ብሎ ነቀላቸው። አውቶቡሱ ግን በዚያው ምት ተነስቶ ነበር። ወንድሙን ከሁሉ በላይ ያናደደውም ይኸው ነው።

ከዚያ በፊት ወንድሙ የታወቀው በመንዳቱ ሳይሆን በአፉ ነበር። ሌላ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ሊወጣ እያለ እንኳ ሰው የወንድሙን ይጠብቅ ነበር። መሪ ላይ ሆኖ የተሳፋሪውን ዶሮ ያማል፤ መርሳ ላይ የሚጫነውን ብርቱካን ባለቤቱ እያየው ይቀምሳል፤ አምባሰል ሲያንጎራጉር ዳገቱ ያጠረ ይመስላል። ጥርሱ ከሄደ በኋላ ግን ዝም አለ። አፉን በፎጣ ጠቅልሎ መንዳት ጀመረ። ለምን እንደሆነ የጠየቀው ካለ በፎጣው ውስጥ ሆኖ «አቧራ ነው» ይላል፤ ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ የፊት መስታወቱን እየደበደበው።

ወደ ሙላት ገፍተው የላኩት ተሳፋሪዎቹ ናቸው። ዝምታው አሰልችቷቸዋል።

ሙላት የመርሳ ልጅ ነው። በወጣትነቱ አስመራ ሄዶ አንድ ጣሊያን የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ተማረና ብዙ ዓመት እዚያው ሠራ። እናቱ ሲታመሙ ተመለሰ፤ እሳቸው ካረፉ በኋላም ወልድያ ላይ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ቀረ። ጥርስ አይነቅልም፤ «ነቅላችሁ ኑ» ነው የሚለው። በሰም ልክ ይወስዳል፣ በጀሶ ቅርጹን ያወጣል፣ ከዚያ ከአስመራ የሚያስመጣውን ዱቄትና ፈሳሽ ይደባልቃል። ሁለቱ ሲገናኙ እንደ ሊጥ ይሆናሉ። ሊጡ በቅርጹ ውስጥ ተጨምቆ፣ በላምባ ምድጃ ላይ ቀስ ብሎ በውኃ ሲበስል ይደርቅና ድድ የመሰለ ሮዝ ነገር ይወጣል። ጥርሶቹ የሚተከሉት በዚያ ላይ ነው። ሙላት ይህን ነገር «ሬዚና» ይለዋል። ቃሉን ሲጠራ አንገቱ ትንሽ ቀና ይላል። ለጊዜው አስመራ የተመለሰ ይመስለዋል መሰለኝ።

ሚስት አላገባም። ቤቱንም ሥራውንም የምትይዝለት ታናሽ እህቱ ደስታነሽ ነበረች። መርሳ ባል አግብታ ፈትታ የመጣች ሴት ናት፤ ለምን እንደፈታች የጠየቃት ሰው ለምን እንደጠየቀ ተጠይቆ ነው የሚመለሰው። ሙላት የሠራውን በብርጭቆ ወረቀት የምታለሰልሰው እሷ ናት። የጥርሱን ቀለም የምትመርጠውም እሷ ናት። «ለዚህ ሰውዬ ነጭ አትስጠው ጋሼ፣ ማንም አያምነውም» ትላለች፤ ሰውዬው ፊቷ ተቀምጦ።

ወንድሙ ጥርሱ የተገጠመለት ቀን መስተዋት ተሰጠው። ረጅም ጊዜ አየና ከንፈሩን ገጠመ።

«እስቲ ይሳቁ» አለችው ደስታነሽ።

ራሱን ነቀነቀ።

«የተሠራው እኮ ለመሳቅ ነው። ለማላመጥማ ድድዎም ይበቃ ነበር።»

ወንድሙ ሳያስበው ሳቀ። ጥርሱም ከነድዱ ወልቆ ሊወድቅ ሲል በእጁ ያዘው። ሙላት ዳሩን ትንሽ ሞርዶ መለሰለት። በማግስቱ ከወልድያ የወጣው አውቶቡስ ሐራ መገንጠያን ሳያልፍ ሾፌሩ የአንዲትን እናት ጃንጥላ ማማት ጀምሮ ነበር፤ ተሳፋሪውም እፎይ አለ።

እስከ ጥቅምት ደህና ሰነበተ። ጥቅምት ላይ ግን መርሳ ቆሞ ቆሎ ሲቆረጥም ጥርሱ ላንቃው ላይ መሃል ለመሃል ተሰነጠቀ። ያን ቀን ወልድያ ገብቶ አድሮ፣ በማግስቱ ማለዳ ሁለቱን ግማሽ በመሀረብ ይዞ ወደ ሙላት ሄደ። ሙላት ስንጥቁን አይቶ ፊቱ ተለወጠ። ሬዚና ከባድ ነገር ሲገጥመው መሃሉ ላይ እንደሚደክም ያውቃል፤ አስመራም ይሰበር ነበር። ግን አስመራ የሚሰበረው የጣሊያኑ ሥራ ነው። ይኼኛው የራሱ ነው።

«ቆሎ አትብላ ብዬህ ነበር» አለ።

ወንድሙ ያለ ጥርሱ መልስ መስጠት አልፈለገም።

ጥገናው ቀን ሙሉ ይፈጃል። ጀሶው መድረቅ አለበት፣ ሬዚናው መብሰል አለበት፣ መቀዝቀዝ አለበት። ወንድሙ አግዳሚው ላይ ፎጣውን አፉ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ደስታነሽ አጥሚት ሰጠችውና ሥራዋን እየሠራች ወሬ ጀመረች። ስለ መርሳ ገበያ አወራች። አማቷ ስለነበሩት ሴትዮ አወራች፤ ፍየል ሸጠው ገዢው ሳይርቅ ፍየሏን ስለሚናፍቁት። ስለ ቀድሞ ባሏም ትንሽ፣ እንደዘበት፣ ነካ አደረገች። ወንድሙ በዕድሜው የሰማው ከሁሉ ረጅሙ የሰው ንግግር ያ ነበር። ከዚያ በፊት ሌላው ሲናገር ተራው እስኪደርስ ነበር የሚጠብቀው። አሁን ተራ የለውም። ዝም ብሎ ይሰማል፣ ይስቃል፣ በፎጣው ይሸፍናል። ማታ ጥርሱ ተጠግኖ ሲሰጠው አፉ ሞላ። ነገር ግን ለደስታነሽ ሊናገር ያሰበው ሁሉ ከጥርሱ ጋር ቦታ የጠበበው ይመስል አልወጣ አለ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ። ለዶሮና ለጃንጥላ የሚያወራ ሰው ለአንዲት ሴት ሌላ ቃል አጣ።

ኅዳር ሳያልቅ ጥርሱን ሰብሮ መጣ። «መንገዱ ነው። ውርጌሳ ጋ ያለው ጉድጓድ» አለ።

ጥር ላይ እንደገና መጣ። «አስነጠሰኝ።»

ከፋሲካ በኋላም መጣ። ያኔ ምክንያት እንኳ በቅጡ አላሰበም ነበር፤ «ጠዋት ስነሳ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት» አለ። እየመጣ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፣ አጥሚቱን ይጠጣል፣ ደስታነሽን ይሰማል፣ ማታ አፉ ሞልቶ ምንም ሳይናገር ይሄዳል።

ለሰው ደግሞ ማስረዳት ነበረበት። ተሳፋሪው «ምነው ዛሬም ፎጣው?» ሲለው «ምን ላድርግ፣ የሙላት ሥራ ነው» ይላል። ቀልድ ነበር፤ ግን ከወንድሙ አፍ የወጣ ቀልድ በአውቶቡስ ነው የሚሄደው። ወልድያ ላይ ወንበር ሲሰበር «የሙላት ሥራ ነው» ይባል ጀመር። ገነት የምትባለው ሻይ ቤት ያላት ሴት ጆሮው የወለቀ ስኒ ስታቀርብ «ይቅርታ፣ ሙላት ነው የሠራው» ትል ነበር። ሙላት ሻይ እዚያ መጠጣቱን ተወ። ከዚያም አልፎ የሐራዋ እሜት እልፍነሽ መጡ። ባልቴት ናቸው፤ ምክንያት ፈላጊ አይደሉም። የተቆላ ሽምብራ ሲበሉ ጥርሳቸው ለሁለት ተከፍሏል።

«ልጄ፣ ሽምብራ አይበላበትም ብለህ ብትነግረኝ እኮ ገንዘቤን ለስእለት እሰጠው ነበር» አሉት።

«አንቱን የሚመጥን ሠርቼ እሰጥዎታለሁ፣ እሜት» አላቸው ሙላት። ያን ምሽት እራት አልበላም።

ከዚያ በኋላ ሙላት ሌላ ሰው ሆነ። ሬዚናውን በቀጭን በቀጭኑ እያበሰለ፣ በሁለት ጡብ መካከል አጋድሞ፣ ድንጋይ እያንጠለጠለ ይሰብራል። ወፍራም ሲያደርገው አፍ ውስጥ አይገባም። ቀጭን ሲያደርገው ይሰበራል። አንድ ቀን ጎረቤቱ ባለሱቁ አቶ ገበየሁ የጓሮ ግድግዳቸውን ሲያስመርጉ በበሩ ላይ ቆሞ ያያል። ሠራተኞቹ ጭቃውን ከጭድ ጋር እየረገጡ ነው። ሙላት ቆሞ ቀረ። ምሳው እስኪቀዘቅዝ አልገባም። ሲገባም እጁ ላይ አንድ ጭብጥ ጭድ ይዞ ነበር።

«ጋሼ፣ ያን የት ልትጨምረው ነው?» አለች ደስታነሽ።

«ሬዚናው ውስጥ። ጭቃውን ከመሰንጠቅ የሚያድነው ጭዱ አይደለም እንዴ?»

ጨመረው። ጭዱ ውኃ ጠጥቶ አበጠና ሬዚናውን ከውስጥ ፈነቀለው። የወጣው ነገር ከብት ያደረበት በረት ይሸታል። ቀጥሎ የተፈተለ ጥጥ ሞከረ። ጥጡ ተድቦልቡሎ መሃሉ ላይ እንደ ደመና ተቀመጠ፤ ድንጋዩ ሲንጠለጠልበትም ልክ ደመናው ጋ ተሰበረ። ሙላት ተስፋ ሊቆርጥ ደርሶ ነበር። ደስታነሽ ይህን ሁሉ እያየች ምንም አላለችም፤ ዝምታ ለእሷ ልማዷ አልነበረም። በመጨረሻ የመርሳ ገበያ ዕለት ሄዳ፣ ገመድ ከሚገምዱ ሰዎች ዘንድ ገና ያልተገመደ፣ ነጭ የሆነ ቃጫ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አመጣች።

«እስቲ ይኼን ሞክረው» አለች። «ዝሆን የሚያስር ነገር ጥርስ አያቅተውም።»

መጀመሪያ አልሆነም። ቃጫው ውስጥ የቀረው እርጥበት በሙቀቱ አረፋ እየሆነ ሬዚናውን ነጭ በነጭ አደረገው። ደስታነሽ አጥባ፣ ቀቅላ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣች፤ ከዚያም ምድጃው አጠገብ እንደገና አደረቀችው። በማበጠሪያ አበጠረችው። ሙላት ደግሞ በሊጡ ከመሸፈኑ በፊት ቃጫውን በፈሳሹ መንከር እንዳለበት ደረሰበት፤ ካልተነከረ ሬዚናው አይዘውም፣ እንደ ባዕድ ዳር ዳሩን ይሄዳል። ክሮቹን መጀመሪያ በአንድ አቅጣጫ አስተኛቸው፣ በኋላ ግን እንደ አልጋ ጠፍር አንዱን በሌላው ላይ አሻገራቸው። ድንጋዩን አንጠለጠለ። ጎበጠ። ሌላ ድንጋይ ጨመረ። ስንጥቅ ታየ፤ ግን ሁለቱ ግማሽ አልተለያዩም። ክሮቹ ስንጥቁን ይዘውት ቀሩ።

ሙላት ወንበሩን ስቦ ከተንጠለጠለው ድንጋይ ፊት ተቀመጠና እስኪመሽ እያየው ቆየ።

የመጀመሪያው የቃጫ ጥርስ የእሜት እልፍነሽ ነበር። አገላብጠው ሲያዩት በሮዙ ውስጥ ክሮቹ ቀጭን ሆነው ይታያሉ። «ልጄ፣ እህል ልበላበት ነው ወይስ አህያ ላስርበት?» አሉ። ከዚያ አፋቸው ውስጥ ከተቱና ከመቀነታቸው የተቆላ ሽምብራ አወጡ፤ ለዚሁ ብለው ቋጥረው ነው የመጡት። አንድ፣ ሁለት እያሉ ሲቆረጥሙ ሙላትን ላብ አጠመቀው። ሽምብራው አለቀ፤ ጥርሱ ደህና ነበር። እሜት እልፍነሽ እጃቸውን አራግፈው «ይሁን» ብለው ሄዱ። ሙላት ከእሳቸው የጠበቀው ከዚያ በላይ አልነበረም።

ወንድሙ እንደለመደው ሰብሮ ሲመጣ ሙላት የድሮውን አልጠገነለትም። አዲስ ሠራለት፣ በቃጫ። ሲሰጠውም እጁን ጨበጠውና «ከእንግዲህ እዚህ አትመጣም። እኔም አንተም ተገላገልን» አለው። ወንድሙ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ፊቱን ያየ ሰው ጥርስ ሳይሆን ክስ የተሰጠው ይመስለው ነበር። ደስታነሽ በበኩሏ የምታለሰልሰው ላይ አቀርቅራ ትንሽ ፈገግ አለች።

ሳምንታት አለፉ፤ ወንድሙ ወልድያ እየገባ ያድራል፣ በሙላት በር ያልፋል፣ ኮፍያውን አንስቶ ሰላምታ ይሰጣል፣ ይሄዳል። ለመግባት ምክንያት የለውም። ቆሎ በላ፤ ምንም። መርሳ ላይ ሸንኮራ አገዳ ከነቅርፊቱ ጋጠ፤ ምንም። አጥንት ጋጠ። ረዳቱ አዳነ በኋላ እንደነገረን፣ ያን ሰሞን ጌታው ሲበላ የሚሰማው ድምፅ ጅብ አውቶቡሱ ውስጥ የገባ ያስመስል ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወንድሙ ፎጣውን አፉ ላይ አድርጎ፣ መሀረብ ይዞ ከሙላት በር ገባ። ሙላት መሀረቡን ፈትቶ አየ። አንደኛው ጥርስ ተሸርፏል። ሮዙ ተፋፍቆ ሬንጅ ነክቶታል። ላንቃው ላይ ረጅም ስንጥቅ አለ፤ ግን አንድ ላይ ነው፤ ክሮቹ ይዘውታል። በስንጥቁ ጎን ለጎን ደግሞ እንደ ዓሣ አጥንት የተደረደረ ጥቁር መስመር አለ።

«ይኼ የጎማ ምልክት ነው» አለ ሙላት።

ወንድሙ ከፎጣው ውስጥ ስለ መንገዱ የሆነ ነገር አጉተመተመ።

«መንገዱ አፍህ ውስጥ ገባ ወይስ አፍህ መንገዱ ላይ ወጣ?»

  የሙላት ዓይን በስንጥቁ ላይ ነበር። ጥርሱን ወደ ብርሃን አነሳው፣ በሁለት እጁ ይዞ ሊያላቅቀው ሞከረ፣ አልተላቀቀም። «አውቶቡስ ሄደበት» አለ ለራሱ። «አውቶቡስ ሄዶበት አልተለያየም።» ከዚያም ሽርጡን ሳይፈታ ጥርሱን ይዞ ወደ አቶ ገበየሁ ሱቅ ወጣ፤ ከሱቁም ወደ ገነት ሻይ ቤት ሲያቋርጥ በመስኮቱ ታየ።

ወንድሙና ደስታነሽ ብቻቸውን ቀሩ። ደስታነሽ የብርጭቆ ወረቀቱን አስቀመጠች።

«ማን ነው የነዳበት?» አለችው።

«እኔ።» ያለ ጥርስ ሲናገር አየሩ በድዱ ላይ ያፏጫል። እንደ ሌላው ጊዜ ግን በፎጣው አልሸፈነውም።

«ሆን ብለው?»

«ሆን ብዬ። መጀመሪያ በፊተኛው ጎማ። እምቢ ሲል በኋለኛው።»

«ለምን?»

ወንድሙ ኮፍያውን አዟዟረ። «ሲሰበር ቀኑን ሙሉ እዚህ እቀመጣለሁ። ካልተሰበረ በበሩ አልፋለሁ።» ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «ማለፉ ከበደኝ። ጥርሴ አፌ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ሾፌሩ ወንድሙ እሆናለሁ፤ እሱ ከቀልድ ሌላ አያውቅም። ያለ ጥርስ ነው እውነት መናገር የምችለው። ይኸው፣ ተናገርኩ። ታገቢኛለሽ ወይ ልልሽ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ የተመላለስኩት።»

ደስታነሽ አልሳቀችም። ያፏጨውን ሁሉ ሰምታዋለች።

«አውቃለሁ» አለችው። «ከሁለተኛው ጀምሮ አውቃለሁ። ቆሎ የሰበረው መሃል ለመሃል ነበር የተሰነጠቀው። ከዚያ ወዲህ ያመጣሃቸው ሁሉ ዳራቸው ተፈርፍሯል። በምን ነበር የምትመታው?»

«በመፍቻ» አለ ወንድሙ። «አንተ» እንዳለችው ልብ ያለው መልሱን ከሰጠ በኋላ ነው።

«ቃጫውንም ያመጣሁት ለዚያ ነው።»

«እንዳልመጣ?»

«ሰበብ ሲያልቅብህ ምን እንደምታደርግ ላይ ብዬ። ሰው ሰበብ ሲያጣ ይናገራል ብዬ ነበር። አውቶቡስ ትነዳበታለህ ብዬ አላሰብኩም።» አሁን ሳቀች፤ ግን ወዲያው ተወችው። «የመጀመሪያው ባሌ ንግግር አዋቂ ነበር። እኔ ስናገር ሰምቶኝ አያውቅም። አንተ እዚያ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለህ ትሰማኝ ነበር። ጥርስ ስለሌለህ ነው ወይስ ስለምትሰማ፣ እሱን ገና አላወቅሁም።»

«እኔም አላወቅሁም» አለ ወንድሙ።

ይህ መልስ ደስ አላት። «እንግዲያው ሽማግሌ ላክ። ያለ ጥርስህ ያልከኝን በጥርስህ ድገመው፣ ሰው ፊት። ሥራዬንም አልተውም፤ እዚሁ ከጋሼ ጋር እሠራለሁ። ይኼን ከወደድክ ነው።»

ሙላት ፊቱ በርቶ ተመለሰ። ገነት እንኳ ጥርሱን ይዛ «ይቅር በለኝ» ብላዋለች። ደስታነሽ እንዳይቆይባት ሁሉንም በአንዴ ነገረችው፤ ስለ መፍቻውም፣ ስለ ጎማውም፣ ስለ ቀሪውም። ሙላት ሰምቶ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«የጥቅምቱስ?» አለ።

«የጥቅምቱ የእውነት ነው። የእሜት እልፍነሽም የእውነት ነው።»

«የቀረው?»

ወንድሙ መሬት መሬት አየ።

«እኔ ያለ እንቅልፍ አድሬ» አለ ሙላት፣ ድምፁን ሳያነሳ። «ስሜ የወንበር መሳቂያ ሆኖ። አንተ በመፍቻ።» ተነሳና ጥርሱን መሳቢያ ውስጥ ከቶ ቆለፈበት። «ጥርስህ እዚህ ይቀመጣል። ደህና ዋል።»

ወንድሙ እንደገና በፎጣ መንዳት ጀመረ፤ አሁን ግን የሚጠግንለት አልነበረም። ተሳፋሪው ምን እንደተፈጠረ ከአዳነ ሰምቶ ነበርና ማንም ስለ አቧራው አልጠየቀውም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አቶ ገበየሁ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ሙላት ቤት መጡ። ነጭ ለብሰው፣ እንደ ወጉ ቆመው፣ ተቀመጡ ሲባሉ እምቢ ካሉ በኋላ ተቀምጠው፣ አቶ ገበየሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሁለት ነገር ልንለምንህ ነው የመጣነው» አሉ። «አንደኛው እህትህን ለወንድሙ እንድትሰጥ ነው። ሁለተኛው ጥርሱን።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ሙላት ግን ቀልድ ላይ አልነበረም። ለቁጣው አንዱ ምክንያት ስሙ ነው፤ ሌላውን ግን አልተናገረም፤ ደስታነሽ ከሄደች ቀለም የሚመርጥለት፣ እራት አልበላም ሲል የሚቆጣው አይኖርም። ይህን ደስታነሽ ስለምታውቅ ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ሥራውን እንደማትለቅ፣ ቤት የሚከራዩትም እዚያው ሰፈር እንደሆነ ነግራዋለች። እሱ ሰምቶ «እናያለን» ብሎ ነበር።

«እህቴን እሷን ጠይቁ፤ ትልቅ ሰው ናት» አለ ሙላት። «ጥርሱን ግን እኔ ነኝ የምሰጠው። በየማቆሚያው እንዳማኝ ሐሜቱን በየማቆሚያው ያንሳልኝ። የሰበረው ራሱ እንደሆነ፣ በምን እንደሰበረው፣ በመጨረሻውም መስበር እንዳቃተው ይናገር።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ተገቢ ነው አሉ። ወንድሙ ከውጭ ተጠራ። ሙላት መሳቢያውን ከፈተ፤ ስንጥቁ ተደፍኖ፣ የተሸረፈው ጥርስ ተቀይሮ፣ ተለስልሶ ነበር። መቼ እንደሠራው አልተናገረም። ወንድሙ አፉ ውስጥ አድርጎ ወደ ደስታነሽ ዞረ። ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው ያ አፍ እንደገና እምቢ አለ። ሽማግሌዎቹ ጠበቁ። አቶ ገበየሁ ጣራውን አዩ።

«ጥርሱን ላውልቀው?» አለ ወንድሙ በመጨረሻ።

«አይሆንም» አለች ደስታነሽ።

«እንግዲያው… የዚያን ዕለት ያልኩሽን ነው የምለው። ሁሉንም። አገባሻለሁ፤ እሰማሻለሁም።» ቀልድ አልነበረበትም። በላቡ ነው የተናገረው።

«እሺ» አለች።

ከማግስቱ ጀምሮ ወንድሙ ቃሉን ፈጸመ። ሐራ መገንጠያ ላይ አውቶቡሱን አቆመና ለመላው ተሳፋሪ ተናገረ። መርሳ ላይ ደግሞ ብርቱካን ሻጮቹ ተሰብስበው ሰሙት፤ ጎማው በጥርሱ ላይ ሲሄድ ያሰማውን ድምፅ ሲያስመስል ሰው በሳቅ ሞተ። ውርጌሳ ሲደርስ ታሪኩ ረዝሞ ነበር፤ ጥርሱ ጎማውን ሊያፈነዳ ምንም አልቀረውም ነበር ይል ጀመር። ሙላት ይህን ሲሰማ «እንዲህ በል አላልኩትም» ብሎ ተቆጣ። በዚያው ሳምንት ግን ከውርጌሳ ሁለት ሽማግሌ፣ ከመርሳ ደግሞ አብዱልሐሊም የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ «ያን አውቶቡስ የማይሰብረውን፣ ኢንሻአላህ ለእኔም» እያሉ መጡ። ሙላት ቁጣውን አልደገመውም።

ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ሆነ። ወንድሙና ደስታነሽ ከሙላት ቤት ሁለት በር አልፎ ተከራዩ፤ ሙላትም አብዛኛውን ጊዜ እራቱን እዚያ ይበላል። ደስታነሽ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ትመጣለች። ወንድሙ አውቶቡስ ላይ እንደ ድሮው ነው፤ ቤቱ ሲገባ ግን ወሬው የእሷ ነው ይላሉ ጎረቤቶቹ።

በዓቢይ ጾም መካከል ወንድሙ አንድ ጠዋት ጉንጩን ይዞ ከሥራ ቤቱ ገባ።

«የታችኛው መንጋጋዬ» አለ። «አሞኛል።»

ሙላት ከጀሶው ላይ ቀና አላለም። «አስነጥሶህ ነው?»

«የእውነት ነው። ሌሊቱን አልተኛሁም።»

«መንገዱ ይሆናል» አለች ደስታነሽ። «ውርጌሳ ጋ ያለው ጉድጓድ።»

ወንድሙ ምሎ ተገዘተ። አጥሚት ሰጥተው አግዳሚው ላይ አስቀመጡት። ጉንጩ አብጦ ዓይኑን ሲደፍነው ነው ያመኑት። ያኔ ደስታነሽ ነጠላዋን ደርባ፣ አዳነን መሪ ላይ አስቀምጣ፣ ባሏን ከጎኗ አድርጋ ደሴ ወሰደችው። ሐኪሙ ጥርሱን ሲነቅል እጁን ይዛው ነበር። ሲመለሱም መንገዱን ሙሉ ስላላመነችው ይቅርታ ጠየቀችው፤ እሱም ለመመለስ አፉ በጥጥ ተሞልቶ ነበርና እያዳመጣት ወልድያ ገቡ።